እንጨት እንጨት የሚለው ወይን

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም በሩ ላይ አትገተር፣ ብርድ ታስገባብናለህ፤ ግባና ተቀመጥ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቁጡ ሴትና ስለ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ነው። ወይን ስላልኩ የስካር ወሬ እንዳይመስላችሁ። የስድብ ወሬ ነው። ሰው የሌላውን ሰው የዓመት ልፋት እንደቆመ፣ በባዶ አፉ፣ አንዴ ተጉመጥምጦ ቱፍ ሲለው አንጀት እንዴት እንደሚያር የሚያወራ ነው። እኔን ዛሬም ሳስበው ያሳርረኛል።

ሴትዮዋ ኦኖሪን ትባላለች። አገሯ በፈረንጅ አገር ቡርጎኝ፣ መንደሯ ቮክሌር ነው፤ ሰዉ ከነጭ ወይን ጋር የሚወለድበት፣ ከነጭ ወይን ጋር የሚያረጅበት መንደር። ባሏ አንሰልም አንድ ዓመት በብርዱ ወራት የወይን ሐረግ ሲገርዝ ውሎ ገባና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ አረፈ። መልካም ሰው ነበር፤ ሲያወራ ቁጥብ፣ ሲቀዳ ለጋስ።

ያን ጊዜ ኦኖሪን አንድ ነገር አደረገች። በርሜሎቹ ውስጥ የነበረውን ወይን የቦን ከተማ ወይን ነጋዴ ጠቅልሎ ሲወስድላት፣ ምድር ቤቱን ቆለፈችው። የአንሰልም ኮት ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ፣ መብራቱ እሱ ባስቀመጠበት ቦታ እንዳለ ይቆይልኝ አለች። ሐዘን ነውና ማንም አፉን አልከፈተባትም። ባዶ በርሜል ግን ሐዘን አያውቅም። ካልታጠበና በድኝ ካልታጠነ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይኮመጥጣል። በለቀማው ዋዜማ ልጇ ኦዲል በሩን አስከፍታ ስትገባ፣ የአባቷ አሮጌ በርሜሎች በሙሉ ኮምጣጤ ሆነው ጠበቋት።

እንግዲህ የዚያ አገር ሰው አዲስ በርሜል የሚጠቀመው በልክ ነው። አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጡ በእሳት የተጠበሰ ስለሆነ ወይኑን ጭስ ጭስ፣ ቫኒላ ቫኒላ፣ የተቆላ ለውዝ ያሰኘዋል። ስለዚህ ጥቂት አዲስ ከብዙ አሮጌ ጋር ያደርጋሉ፤ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ጨው። ኦዲል ግን ምን ታድርግ? ፍሬው ተለቅሞ ተጨምቆ ጭማቂው ይጠብቃል። ሁሉንም አዲስ ገዛች። በርሜሉ ውስጥ ፈላ፣ እዚያው ከአተላው ጋር ከረመ፣ እሷም በረጅም ዱላ አተላውን እያማሰለች በብርዱ ስትወርድ ስትወጣ ዓመቱ ሞላ።

ኦኖሪንስ? ኦኖሪንማ ዓመቱን ሙሉ ስትነዘንዛት ከረመች። «የአባትሽን ምድር ቤት አናጢ ቤት አደረግሽው!» ትላታለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስለምታውቅ ነው የምትጮኸው። ኦዲልም ታውቃለች፤ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ የቆለፍሽው» ብላት አታውቅም። አያችሁልኝ ልጅቷን?

በቮክሌር የወይን ለቀማ ሲያልቅ መንደሩ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይበላል። እያንዳንዱ ቤት ያለፈውን ዓመት ወይኑን ይዞ ይመጣል። የማን ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚቀዳ የሚወስነው «የማዕድ አባት» የሚሉት ሽማግሌ ነው፤ ቀደም ብሎ በየምድር ቤቱ እየዞረ ይቀምሳል። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጨዋታ አይደለም። ከወንዙ ዓሣ ጋር የተቀዳ ቤት ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ይሄዳል። ከዶሮው ጋር የተቀዳማ አይነገር። ጨርሶ የወደቀ ወይን ሲኖር ግን መጨረሻ ላይ፣ ሰዉ ጠግቦና ሞቅ ብሎት ሲዘፍን፣ ከለውዙ ጋር ያቀርቡታል። የማንም ልብ የማይለው ሰዓት ነው።

የማዕድ አባቱ ጋስፓር ይባላል። ከአንሰልም ጋር አብሮ አደግ ነው። አጭር፣ ቀይ፣ ጢሙ እንደ መጥረጊያ የቆመ፣ በአንገቱ ላይ በሪባን የብር ጽዋ የሚያንጠለጥል ሰው። ነገር አዋቂ ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም።

ከግብዣው በፊት በነበረው ዓርብ ጋስፓር ጎረቤቶቹን አስከትሎ የኦኖሪንን ምድር ቤት ደረጃ ወረደ። ኦኖሪን ለእንግዶቹ ዳቦና አይብ የተጋገረበት ትኩስ ቂጣ በሳህን ይዛ ተከተለች፤ ደንቡ ነው። እሷ ደረጃው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ጋስፓር ቀድሞ ጽዋውን ሞልቶ ነበር። አሸተተ። ቀመሰ። ጉንጩን ነፍቶ አገላበጠው። ከዚያ የወለሉ ጠጠር ላይ ተፋው።

«እህስ፣ አጎት ጋስፓር?» አለች ኦዲል። እጆቿን ከኋላዋ ቆላልፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ አባትሽ የሚሠራው ወይን ነበር። ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ውሃ የመሰለ፣ ኩልል ያለ። ይሄ…» ጽዋውን ገልብጦ አራገፈ። «ይሄ እንጨት እንጨት ይላል።»

«በርሜሉ አዲስ ስለሆነ ነው። ዕድሜ ይፈልጋል።»

«ዕድሜማ እኔም እፈልግ ነበር!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቅ ክፉ ነው ልጆቼ፤ የሳቁለት ሰው ሌላ ይጨምራል። ጋስፓርም ጨመረ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ይሄ የአንሰልምን ሬሳ ሣጥን ነው የሚሸተው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ጎረቤት ሳል ያዘው። የኦዲል ፊት የታጠበ ጨርቅ መሰለ። ጋስፓርም ራሱ ያለውን የሰማው ይመስል ጢሙን መታ መታ አደረገና፣ በተቻኮለ ድምፅ፣ «ከለውዙ ጋር ይቀርባል። በቃ» አለ።

ኦኖሪን ደረጃው ላይ እንዳለች ሳህኑን ይዛ ዞረች። ከዚያ ደግሞ ተመለሰች።

«ጋስፓር።»

«ኦኖሪን፣ እኔኮ…»

«ደረጃው ይኸውልህ። ውጣ። እናንተም ውጡ። ዳቦዬንም አትነኩም።»

ወጡ። ትኩሱን ቂጣ ለዶሮዎች በተነችው። ምን ታድርግ?

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያ ቃል ወጥ ቤት ተከትሏት ገባ፣ ወንበር ስባ ስትቀመጥ አብሯት ተቀመጠ። ሬሳ ሣጥን! በዚያ ምድር ቤት ውስጥ፣ የአንሰልም ኮት ገና በተሰቀለበት! የአባቷን ስም እየጠራ ለልጂቱ!

ኦዲል ግን ረጋ ብላ እጇን ታጠበች።

«ሰኞ የቦኑ ነጋዴ ይመጣል አይደል» አለች። «ማሳውን እንዲከራየው እነግረዋለሁ። ምድር ቤቱንም። ሊዮን ከተማ፣ ጓደኛዬ ጋ ሥራ አለ።»

«ምን አልሽ?»

«የሰማሽውን። ወይኑ ከለውዙ ጋር ተጥሎ እያየሁ እዚህ አልቀመጥም፣ እማ። ደከመኝ።»

«ያ ጢማም አንድ ቃል ስለተናገረ?»

«አንድ ቃል?» ኦዲል ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። «አንቺስ ምን ስትይኝ ከረምሽ? አናጢ ቤት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ እናትሽ ነኝ!»

«እና?»

«እናማ እኔ እላለሁ፣ እሱ አይልም!»

ኦዲል እናቷን አንዴ አየቻት። ወደ ክፍሏ ገባች። ኦኖሪን ብቻዋን ቀረች። እንግዲህ ጭንቀቷ ይሄ ነው፦ ልጇ ሰኞ ልትሄድባት ነው። ጋስፓር የተፋው ወይኑን አይደለም፣ የልጇን መቀመጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኦዲል ለማሳ ሥራ ስትወጣ፣ ኦኖሪን አንድ ጠርሙስ አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። ይህን ወይን ዓመት ሙሉ ስትሰድበው በደንብ ቀምሳው አታውቅም። በእልህ ነው የከፈተችው።

ቀዳች። ቀለሙ እንደ አዲስ ጭድ ወርቃማ ነው። አሸተተችው፤ እውነትም ሣንቃ ነው፣ ከሥሩ ጭስ፣ ቫኒላ። ቀመሰችው። መጀመሪያ እንጨቱ መጣ፣ ምላሷ ጎንና ጎን ደረቀ። ከኋላው ግን፣ ሩቅ፣ በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ፣ አንድ ነገር ይሰማል፤ ቅቤ፣ ፒር የሚሉት የበሰለ ፍሬ፣ ደግሞም ያ የአንሰልም ድንጋይ፣ የማሳው ድንጋይ።

«አለህ እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ከዚያ ምግብ ማውጣት ጀመረች። የፍየል አይብ ቆርሳ ሞከረች፤ አይቡ ኮምጣጣ ነውና ወይኑን ገፈፈው፣ እንጨቱ እንደ ከሲታ ሰው አጥንት ፈጦ ወጣ። «ወግድ!» አለችው። ከትናንት የተረፈ ቀንድ አውጣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ አሞቀች፤ ነጭ ሽንኩርቱና እንጨቱ አፏ ውስጥ ተሰዳደቡ፣ ምሬት ብቻ ቀረ። የአሳማ ሥጋ በሰናፍጭ ቀመሰች፤ ሰናፍጩ ሁሉንም አሳወረ። የወንዝ ዓሣ አልነበራትም፤ ቢኖራትም አትሞክረውም ነበር። ያ ስስ ዓሣ በዚህ ወይን ሥር ሲሰምጥ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

እየተናደደች ሄደች። በወይኑ ሳይሆን በጋስፓር ነው ንዴቱ። አንድ ምግብ ባገኝ! አንድ ብቻ! ያን ጢም የሚዘጋ!

ለነገው ግብዣ ዶሮውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ሁልጊዜም እሷ ናት። ለሙከራ አንድ ጭን በቅቤ ጠብሳ፣ እንጉዳይ ጨምራ፣ ክሬም አፍስሳበት ምድጃ ላይ ነበር። የድስቱን አፍ በዳቦ ጠረገችና፣ አፏ ውስጥ ገና ክሬሙ ሳይወርድ፣ ወይኑን አስከተለችበት።

ቀጥ አለች።

እንጨቱ የለም። የለም ማለቴ አለ፣ ግን ቁጭ ብሏል፤ ቆሞ ሲንጎራደድ የነበረ እንግዳ ወንበር ተሰጥቶት አረፍ እንዳለ። ጭሱ ከተጠበሰው የዶሮ ቆዳ ጋር ተዛመደ፣ ለውዝ ለውዝ የሚለው ከእንጉዳዩ ጋር ተጨባበጠ፣ ክሬሙ ደግሞ ምላሷን ያደርቅ የነበረውን ሸፈነው። ያ ከበር ኋላ የነበረው ድምፅ በሩን ከፍቶ ገባ። ደግማ ጠረገች፣ ደግማ ጠጣች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው በክንዷ ጠረገችውና መሳደብ ጀመረች።

ለምን መሰላችሁ? በቮክሌር ግብዣ ዶሮው የሚቀርበው ሁልጊዜ ከጋስፓር ወይን ጋር ነዋ!

«ዶሮውን እኔ ላብስል፣ ክብሩን እሱ ይጠጣ!» ብላ ማንኪያዋን ወረወረች። ማንኪያው ጎረቤቷ ዴኒዝ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ሥር ወደቀ። ዴኒዝ ወሬ ለመልቀም ነበር የመጣችው።

«እማማ ኦኖሪን! ልትገድይኝ ነው?»

«አንቺን አይደለም።»

«ሰምቻለሁ። አገር ሰምቷል። እኔ አንቺን ብሆን ነገ ዶሮ አልሠራም ነበር። ባዶ ድስት ነበር የማቀርብላቸው።»

«አይ፣ እሠራለሁ» አለች ኦኖሪን። «ተሠርቶ የማያውቅ ዓይነት ነው የምሠራው።»

እሑድ ቀትር ላይ አዳራሹ ሞላ። ረጃጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ለቃሚዎቹ ጣታቸው ገና በፍሬው ጭማቂ እንደጠቆረ ተቀምጠዋል። በየመሐሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አንጓቸውን እያሽከረከሩ፣ ላ ላ ላ እያሉ ያንን የአገራቸውን ዜማ ያዜማሉ። ኦዲል ጥጉ ላይ ናት፤ ኮቷን አላወለቀችም። የእሷ ጠርሙሶች ከለውዙ ሳህን ጎን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንዲቀመጡ ታዞ ነበር፤ ቦታው ግን ባዶ ነው። ማን እንደወሰዳቸው ማንም ልብ አላለም።

ኦኖሪን ናት የወሰደቻቸው። ከጎህ ጋር ከምድር ቤት አውጥታ፣ በቅርጫት አድርጋ፣ ሻርፗን ደርባ የአዳራሹ ወጥ ቤት ጥግ ደብቃቸው ነበር። በዚያ አገር ነጭ ወይን ከምድር ቤት እንደወጣ በቅዝቃዜው ነው የሚቀዳው፤ ቢያንስ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ኦኖሪን ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ግን ንዴት ዓይን ይጋርዳል። ቅርጫቱን ያስቀመጠችው ምድጃው አፍ ሥር ነበር።

ዓሣው ተበልቶ ዶሮው ሊወጣ ሲል ዴኒዝ ሻርፑን ገለጠች።

«እመቤቴ ማርያም! ወይኑን ልትቀቅይው ነው እንዴ?»

ኦኖሪን ጠርሙሱን ነካች። ቅዝቃዜው ጠፍቷል። ትኩስ አይደለም፣ ግን ቀዝቃዛም አይደለም፤ ከኪስ የወጣ እንቁላል ይመስላል። ይህን ይዛ ብትወጣ ልጇን ሁለተኛ ማሳፈሯ ነው። ባትወጣ ሰኞ ነጋዴው ይመጣል። ከአዳራሹ «ዶሮው! ዶሮው!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። በበሩ ስንጥቅ አየች። ጋስፓር ጠርሙሶቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጽዋው ደረቱ ላይ እያብለጨለጨ፣ ሊቀዳ ተነስቷል።

እሱን ስታይ ንዴቷ ተመለሰ።

«ዴኒዝ፣ ድስቱን ያዢ። ተከተይኝ።»

ቅርጫቱን በክንዷ አንጠልጥላ ገባችና ጋስፓር ፊት ቆመች።

«ጠርሙስህን አስቀምጥ።»

«ምን?»

«ዶሮው የእኔ ነው። ዘንድሮ ወይኑም የእኔ ነው።»

«ኦኖሪን፣ ሥርዓት አለ…»

«ሥርዓት?» አለች። ላ ላ ላ ሲሉ የነበሩት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ሬሳ ሣጥን ማለት በየትኛው ሥርዓት ነው? ንገረኛ! የሟች ልጅ ፊት፣ ሟቹ ሲሠራ በኖረበት ቤት! ዳቦ እንኳ ሳትቆርስ! ዳቦው በእጄ ነበር፤ አልጠበቅኸኝም። ቆመህ፣ በባዶ አፍህ፣ ከቀዝቃዛ ብር ላይ አንዴ ቀምሰህ ተፋኸው። ሰው እንዲህ ይመዘናል? አንተንስ በባዶ ሆድ የቀመሰህ ማን ይውጥሃል?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ኦኖሪን ዞር ብላ ስታየው ዋጠው።

«እማ!» ኦዲል ተነሥታለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። «ማን ጠየቀሽ? ነይ እንሂድ።»

«ተቀመጪ። ዶሮ ይበርዳል።»

እየዞረች ቀዳች። ጠብታ ጨርቁ ላይ ይወርዳል፣ ግድ የላትም። ዴኒዝ ከኋላዋ ዶሮውን በሳህኑ ታወጣለች። ጋስፓር ጋ ስትደርስ ጽዋውን ዘረጋላት፤ እጁን መለሰችና በብርጭቆ ቀዳችለት። አነሳው። አፍንጫው ሳይደርስ ግንባሩን ቋጠረ።

«ሞቋል።»

«አዎ ሞቋል። እኔም ሞቄያለሁ። መጀመሪያ ብላ።»

በላ። ምን ያድርግ፣ አዳራሹ ሁሉ እያየው? ከቆዳው ቆርሶ፣ እንጉዳይ ጨምሮ፣ ክሬሙን አስነክቶ ጎረሰ። ኦኖሪን አገጩን እያየች ቆመች። ወይኑን አስከተለ። ጉንጩ አንዴ ተነፋ፣ ሁለቴ። የሚተፋበት ጠጠር እዚያ የለም፤ ቢኖርም የሚተፋ አልመሰለም። ዋጠው። ዳቦ አነሳ፣ ሳህኑን ጠረገ፣ ደግሞ ጠጣ። ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ለቃሚ «ኧረ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ብርጭቆዋን ለብርሃን አነሳች። አንዱ ደግሞ «ድገሚኝ እማማ» አለ፤ ሌላውም ተከተለው።

ኦኖሪን የኦዲልን ብርጭቆ አንስታ ቀመሰች። ሙቀቱ አልገደለውም፤ ፈትቶታል እንጂ። ቅዝቃዜው ጨምድዶ ይዞት የነበረው ሁሉ ወጣ፤ ፒሩ፣ ቅቤው፣ በመጨረሻ ደግሞ ንጹሕ ድንጋይ። እንጨቱ ከሥር ሆኖ እንደ ጥሩ ወለል ተሸክሞታል። ትናንት በቀዝቃዛው ያገኘችው ግማሹን ብቻ ነበር። በስህተቷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን ገና አልጨረሰችም።

«እህስ ጋስፓር?»

ጋስፓር ቀና አላለም። ጢሙ ላይ ክሬም አለ።

«ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በቀኝ ትከሻዬ። ጉንጬ ሣንቃው ላይ ነበር። አዲስ ኦክ ነበር ኦኖሪን፤ ትዝ ይልሻል? አናጢው በዋዜማው የጨረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ሣንቃ በሸተተኝ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ። ምድር ቤታችሁ ስወርድም መጣብኝ። ሰዎቹ ሲስቁ ደግሞ… አፌ ነው።»

ኦኖሪን ንዴቷ ድንገት የሚይዘው ነገር አጣ፤ ግን አለቀቀችውም። ትክክል ነበረች፤ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

«ሐዘንህን አውቃለሁ» አለችው። «እኔም በሐዘኔ በርሜል አበላሽቻለሁ፤ ዕዳውን ግን ዓመት ሙሉ የከፈለችው እሷ ናት። አንተም የራስህን እሷው ላይ ጫንክ። ሁለት ሽማግሌ በአንዲት ልጅ ላይ! ለእኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት።»

ኦዲል ይህን ስትሰማ ቀና አለች። እናቷ የበርሜሉ ጥፋት የእኔ ነው ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋስፓር ተነሣ። ለኦዲል ምንም ረጅም ነገር አልተናገረም። «ልጄ፣ በደልኩሽ» አለ ብቻ። ከዚያ የራሱን ጠርሙሶች ሁለቱን በአንድ እጅ፣ ሁለቱን በሌላው ይዞ፣ በአዳራሹ መሐል እየተጎተተ ሄደና ከለውዙ ሳህን ጎን ደረደራቸው። ተመልሶ ተቀምጦ ብርጭቆውን ወደ ኦዲል ገፋ።

«አሁንም እንጨት አለው» አለ። «ዝም ብዬ እንዳልዋሽሽ።»

«አውቃለሁ፣ አጎት ጋስፓር» አለች ኦዲል። «ቅጂልኝ ማለትዎ ነው፣ አይደል?»

«ቅጂልኝ ነው እንጂ!»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እጆች ተነሱ፣ ላ ላ ላው እንደገና ጀመረ። ኦዲል ያን ጊዜ ነው ኮቷን ያወለቀችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኦኖሪን ገና አልበረደላትም። ባዶውን ቅርጫት እያወዛወዘች «ለውዝ! ከለውዝ ጋር! እስቲ ይታይህ!» እያለች ለማሳው አጥር ታወራለች። ኦዲል አጠገቧ ትራመዳለች። ቤት ደርሰው በሩን ሲከፍቱ፣ ከምድር ቤት የዘንድሮው ጭማቂ በርሜል ውስጥ ሲፈላ የሚያሰማው ስስ ድምፅ ይሰማል።

«በርሜሎቹ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው» አለች ኦዲል። «እንጨቱ ይቀንሳል።»

ኦኖሪን ባዶውን ቅርጫት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ያ ሰውዬ ሰኞ ሲመጣ» አለች ኦዲል ዱላዋን ከግድግዳው እያነሳች፣ «ልጄ ምድር ቤት ናት፣ አተላ እያማሰለች ነው፣ ልትወጣ አትችልም በይው።»

«እነግረዋለሁ» አለች ኦኖሪን። «በደንብ አድርጌ ነው የምነግረው።»

«በጨዋ አፍ፣ እማ።»

«እስቲ አያለሁ።»

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። እሳቱንም ቆስቁሱልኝ፣ እናንተም ደክሟችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ አደራ አትርሱብኝ። ሰው የሠራውን ይዞ ፊታችሁ ሲቆም፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የያዘላችሁን ዳቦ ተቀበሉት፣ ቁጭ በሉ፣ ትንሽ እስኪሞቅ ጠብቁት። ያን ጊዜም ካልጣማችሁ ንገሩት። ሳቅ ፊት ግን አትንገሩት። ኦኖሪንን ባሰባችሁ ቁጥር ይህችን አስቧት።